ጣና ዳር ቁጭ ብሎ ታሪክ መጻፍ፦ ከማየት እስከ መጨረሻው ረቂቅ

ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ታሪክ እጽፋለሁ ብለው ጣና ዳር የሚወርዱ ብዙ ናቸው። ደብተር ይይዛሉ፣ ቡና ያዝዛሉ፣ ሐይቁን እያዩ ይቀመጣሉ። ሲመለሱ ደብተሩ ላይ ያለው ግን ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፦ «ፀሐይዋ ጣና ላይ ስታዘቀዝቅ ልቤ በትዝታ ተሞላ…»። ሦስት መስመር ይጻፋል፣ ከዚያ ይቆማል። ቀጥሎ «እኔ ለፈጠራ አልተፈጠርኩም» የሚለው ይመጣል።

እኔ በዚህ አልስማማም። አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ሳያይ ይጽፋል። ሳይጠይቅ ይፈጥራል። ባዶ ገጽ ላይ አፍጥጦ ሐሳብ እስኪመጣ ይጠብቃል። ሐሳቡ ግን ገጹ ላይ የለም፣ ዳርቻው ላይ ነው።

ይህ መመሪያ የአንድ ጠዋትና የጥቂት ቀናት ሥራ ነው። በተራው ከሄዳችሁ መጨረሻ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ገጽ የሚሆን፣ ጀምሮ የሚያልቅ አጭር ታሪክ ይኖራችኋል። ደረጃ አትዝለሉ፣ በተለይ 3ኛውን።

ከመነሳታችሁ በፊት

የሚያዝ ዕቃ

ኪስ የሚገባ ትንሽ ደብተር ያዙ። ትልቅ ደብተር ሰው ያስደነግጣል፤ መረጃ ሊሰበስብ የመጣ ነው ብሎ ዝም ይላል። ሁለት እርሳስ ጨምሩ። የአንዳንድ እስክርቢቶ ቀለም ውሃ ሲነካው ይፈስሳል፣ እርሳስ ግን አይለቅም። ደብተሩን የምትጠቀልሉበት ፌስታል አይጥፋ። ክረምት ከሆነ ደግሞ ጃንጥላ ያዙ። ለቡናና ለቆሎ ዝርዝር ብር ያስፈልጋችኋል።

ስልካችሁን ድምፁን አጥፍታችሁ ቦርሳ ውስጥ ክተቱት። «ፎቶ አንስቼ ቤት ገብቼ አየዋለሁ» አትበሉ። ፎቶ ላይ ሽታ የለም። ማን ቀድሞ እንደመጣ፣ ማን ማንን ሳይሰላም እንዳለፈ የለም። ታሪክ የሚወጣው ደግሞ ከዚያ ነው።

ሰዓቱ

ጠዋት 12፡30 ላይ ቦታው ላይ ተገኙ። እስከ 3 ሰዓት ተኩል ቆዩ።

ምክንያት አለው። አሳ አስጋሪዎች መረብ ማታ ጥለው ጠዋት ያወጣሉ። ሥራው፣ ክርክሩ፣ ሳቁ፣ ዋጋው ሁሉ ያለው ጠዋት ነው። አመሻሽ ላይ ሐይቅ ዳር የሚመጣው አብዛኛው ሰው ሊዝናና የመጣ ነው። የሚዝናና ሰው ለጀማሪ ጸሐፊ ይከብዳል፤ እጁ ምንም አይሠራም፣ የሚፈልገውም ነገር ቶሎ አይታይም። ጀምበር መጥለቂያን ለአራተኛው ወይም ለአምስተኛው ታሪካችሁ አቆዩት።

ቦታው

አንድ ቦታ ብቻ ምረጡ። ሁለት ቦታ ያየ ሰው ሁለቱንም በግማሽ ነው የሚያየው።

ለመጀመሪያ ጊዜ አሳ የሚወርድበት ዳርቻ ሂዱ። ሥራ አለ፣ ገንዘብ አለ፣ ሰው ይጠባበቃል፣ ሰው ይዘገያል። ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

ቅዳሜ ገበያ ንግግር ለመስማት ጥሩ ነው፣ ግን ሰው ይበዛል፤ ዓይናችሁ አንድ ሰው ላይ አያርፍም። ዓባይ ከጣና የሚወጣበት አካባቢና በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይ አላፊ አግዳሚ ለማየት ይሆናሉ። ችግሩ ድልድይ ላይ ሰው አይቆምም፣ ያልፋል። ጥበቃ ባለበት ቦታ ደግሞ ደብተርና ስልክ አታውጡ።

በጀልባ የሚደረስበት የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ሙሉ ቀን ይፈልጋል። መሄድ ካለባችሁ ጠዋት ተሳፈሩ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳና ሐይቁ ይናወጣል። ለመጀመሪያ ታሪክ ግን አልመክርም። እንደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ሥዕላቸው ዓይን ይስባል፣ ሰዉ ይረሳል፣ ደብተሩ በሥዕል መግለጫ ይሞላል። ወደ ደሴቶቹ የምትሄዱ ሴቶች ቀድማችሁ ጠይቁ፤ እንደ ክብራን ገብርኤል ያሉ ገዳማት ሴት አያስገቡም።

ማስጠንቀቂያ

እግራችሁን ዳርቻው ላይ ውሃ ውስጥ አትንከሩ፤ ቢልሃርዚያ አለ። ሲመሽ ደንገሉና (ሐይቁ ዳር የሚበቅለው ረጅሙ ቄጠማ መሳይ ተክል) ሣሩ አጠገብ አትቀመጡ፣ በተለይ በዓባይ መውጫ በኩል። ጉማሬ ጨለማን ተገን አድርጎ ለግጦሽ ይወጣል። ካመሻችሁ ረጅም እጅጌ ልበሱ፣ የወባ ትንኝ አለ።

ደረጃ 1፦ ይዛችሁት የመጣችሁትን አራግፉ (10 ደቂቃ)

ተቀመጡ። የደብተራችሁን የመጨረሻ ገጽ ግለጡ። ስለ ጣና ከቤት ይዛችሁት የመጣችሁትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ እዚያ ላይ ጻፉ። «ውብ ጣና»። «ጸጥ ያለው ሐይቅ»። «ዘንባባዋ የሚያምርባት ከተማ»። «የዘመናት ምስክር»። «ምስጢሩን በሆዱ የያዘ»። የቀረ እስከማይኖር ጻፉ።

ከዚያ ገጹን እጠፉት። እነዚህ ቃላት እስከ ደረጃ 8 ድረስ ክልክል ናቸው።

መጥፎ ቃላት ስለሆኑ አይደለም የምከለክላችሁ። ከዘፈን፣ ከፖስታ ካርድ፣ ከትምህርት ቤት ድርሰት የመጡ ናቸው። ዓይናችሁ ከማየቱ በፊት እጃችሁ ይጽፋቸዋል። አንድ ጊዜ ወረቀት ላይ ካወጣችኋቸው ደግሞ መምጣታቸውን ታውቃላችሁ፣ ታቆሟቸዋላችሁ።

ካልሆነስ? ብዙ ሰው ከዚህ ደረጃ በኋላ «ምንም የምለው የለኝም» ይላል። ደንገጥ አትበሉ፣ የሚጠበቅ ነው። ወደ 2 እለፉ።

ደረጃ 2፦ 40 ደቂቃ ዓይንና ጆሮ ብቻ

ሕጉ አንድ ነው። ያያችሁትንና የሰማችሁትን ብቻ ጻፉ። የስሜት ቃል አትጻፉ። «አዝኗል»፣ «ደስ ብሏታል»፣ «ተስፋ ቆርጧል» አይፈቀድም። የሰው ልብ ውስጥ አልገባችሁም፣ ፊቱን ነው ያያችሁት።

እንዲህ አትጻፉ፦ «አሳ አስጋሪው ደክሞትና አዝኖ ነበር።»

እንዲህ ጻፉ፦ «ሰውየው መረቡን ሲያራግፍ አንድ አሳ መሬት ወደቀ። አየው። አላነሳውም።»

ሁለተኛው ላይ ድካም የሚል ቃል የለም። አንባቢው ግን ራሱ ይደርስበታል፣ ራሱ የደረሰበትን ነገር ደግሞ ያምናል።

40 ደቂቃውን በአራት ክፈሉት።

የመጀመሪያው 10 ደቂቃ ለእጅ ነው። ፊት አትመልከቱ፣ ፊት ይዋሻል። እጅ ተመልከቱ። አሳ የሚያጸዳው ልጅ ቢላውን በየትኛው ጣቱ ይደግፋል? ሴትዮዋ ብሩን ስትቆጥር የት ላይ ትቆማለች? ባሕር ዳር ሜዳ ከተማ ነው፣ ብስክሌት አይጠፋም፤ ከኋላ የታሰረውን ዕቃ እዩ። በምን ታሰረ? በገመድ፣ በጨርቅ፣ በተቀደደ የውስጥ ጎማ? አስተሳሰሩ ስለ ሰውየው ብዙ ይናገራል።

ሁለተኛው 10 ደቂቃ ለጆሮ ነው። ዓይናችሁን መሬት ላይ ጣሉና ስሙ። የሰማችሁትን እንደተባለው ጻፉ፣ አታሳምሩት። ሰው ሙሉ ዓረፍተ ነገር አይናገርም።

«ስንት ነው?»
«መጀመሪያ እየው እንጂ።»
«አየሁት እኮ።»
«ቆሮሶ ነው። አምባዛ መስሎህ ነው?»

እዚህ አራት መስመር ውስጥ ዋጋ አልተጠራም። ግን ሁለት ሰዎች አሉ፣ አንዱ ቸኩሏል፣ ሌላው ተነክቷል። ለአንድ ታሪክ መነሻ ይህ በቂ ነው። ስሙንም ልብ በሉ። «አሳ» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። ቆሮሶ ነው? አምባዛ ነው? ነጭ አሳ ነው? ካላወቃችሁ ጠይቁ። ስሙን ያላወቃችሁት ነገር በደንብ አይታያችሁም።

ሦስተኛው 10 ደቂቃ ከእጅ ወደ እጅ ለሚያልፈው ነው። ብር፣ አሳ፣ ሲጋራ፣ ስኒ፣ ልጅ። ማን ሰጠ፣ ማን ተቀበለ፣ ማን «ነገ» አለ።

የመጨረሻው 10 ደቂቃ ለተለወጠው ነው። ስትመጡ የነበረ፣ አሁን የሌለ ምንድን ነው? ያልነበረ፣ አሁን ያለስ?

ሲበላሽ ምን ይደረጋል?

ከሰለቻችሁ፣ አትነሱ። 15ኛው ደቂቃ ላይ መሰልቸት የተለመደ ነው። ከእግራችሁ ፊት አንድ ሜትር የማይሞላ መሬት ምረጡና እሱ ላይ ያለውን ብቻ ዘርዝሩ። ቅርፊት፣ የክር ቁራጭ፣ የጠርሙስ ክዳን፣ የወፍ ዱካ። ዓይን ተመልሶ ይሠራል።

ሕፃናት ከከበቧችሁ፣ አታባርሩ። የምትጽፉትን አንብቡላቸውና «ምን ረሳሁ?» በሏቸው። እናንተ ያላያችሁትን ያሳዩአችኋል።

ሰው ከተጠራጠረ፣ ደብተሩን ዝጉ። ሰላምታ ስጡና እውነቱን ተናገሩ፦ «ታሪክ መጻፍ እየተለማመድኩ ነው፣ የማንንም ስም አልጻፍኩም።» የጻፋችሁትን ማየት ከፈለገ አሳዩት። «ሂዱ» ካለ ደግሞ ሳትከራከሩ ሂዱ። ቦታው የእሱ የሥራ ቦታ ነው።

ደረጃ 3፦ ሥራውን ጠይቁ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ያፍራል፣ ይዘለዋል። ታሪኩ የሚሞተው እዚህ ነው።

አስቀድማችሁ ሰላምታ ስጡ። «እንደምን አደሩ» ሳትሉ፣ መልሱንም ሳትሰሙ ጥያቄ አትጀምሩ። ትልቅ ሰው ከሆነ «ጋሼ»፣ እናት ከሆኑ «እማማ» በሉ። ጀበና ያለበት ቦታ ከሆነ ቡና አዝዙና ተቀመጡ። ቆሞ የሚጠይቅ ሰው ቸኩያለሁ ማለቱ ነው፤ መልሱም አጭር ይሆናል።

ከዚያ ስለ ሥራው ብቻ ጠይቁ። «ሕይወት እንዴት ነው?» አትበሉ። መልሱ «ተመስገን» ነው፣ ልክም ነው። «ይኼ ለምን እንዲህ ይደረጋል?» በሉ።

ለምሳሌ ታንኳን ውሰዱ። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገሉ ከሐይቁ ዳር ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ በጥቅል በጥቅል ይታሰራል። አሳ ያጠምዱበታል፣ ከዘጌ በኩል ማገዶ ጭነው ይመጡበታል። ዳርቻው ላይ ግን ከሥራ በኋላ ሌላ ነገር ታያላችሁ። ባለቤቱ ታንኳውን ከውሃ ያወጣዋል፣ ዛፍ ወይም ግንብ ላይ ያቆመዋል።

«ለምንድን ነው የምታቆሙት?» ብላችሁ ጠይቁ። ደንገል ውሃ ይጠጣል። ውሃ ውስጥ የዋለ ታንኳ ይከብዳል፣ ዝቅ ብሎ ይሄዳል፣ ቶሎም ይበሰብሳል። ስለዚህ መድረቅ አለበት። ይህን የሚያውቅ ሰው ታንኳውን ዝም ብሎ ውሃ ውስጥ አይተወውም።

ይህን ዕውቀት ያዙት። በደረጃ 4 ትፈልጉታላችሁ።

ማስጠንቀቂያ

ስለ ሥራ ጠይቁ፣ ስለ ዘር አትጠይቁ። በታንኳ ሥራ ለረጅም ዘመን የሚታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። በማንነታቸው ምክንያት ብዙ መገለል ደርሶባቸዋል። ለእናንተ ጉጉት የሆነው ጥያቄ ለእነሱ ቁስል ሊሆን ይችላል። በእጃቸው የያዙትን ጥበብ ጠይቁ፣ በዚያ ላይ መምህር ናቸው።

ድምፅ በድብቅ አትቅረጹ።

ገንዘብ ከጠየቋችሁ፣ ለወሬ አትክፈሉ። የሚሸጡት ነገር ካለ ግዙ። የተከፈለበት ወሬ ይረዝማል፣ ገዢው የሚወደው የመሰለውን ይጨምራል። አሳ ገዝታችሁ ቆማችሁ ስታወሩ የምትሰሙት ግን የዕለቱ ወሬ ነው።

መልስ ካልሰጧችሁ ሥራ በዝቶባቸዋል ማለት ነው። አመስግኑና ራቅ በሉ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ራሳቸው ሊጠሯችሁ ይችላሉ።

ደረጃ 4፦ ያልገጠመውን ፈልጉ

አሁን ተመልሳችሁ ዳርቻውን እዩ። ቅድም ያያችሁት ዳርቻ ነው፣ እናንተ ግን ሥራውን አውቃችኋል።

ታንኳዎቹ ሁሉ ዋርካው ላይ ተደግፈው ቆመዋል እንበል። አንዱ ግን ግማሹ ውሃ ውስጥ ተኝቷል። 3 ሰዓት ሆኗል። ከደረጃ 3 በፊት ቢሆን ኖሮ «ታንኳ በሐይቁ ላይ ተንሳፍፋ» ብላችሁ ታልፉ ነበር። አሁን ግን ትቆማላችሁ። ባለሙያ እንዲህ አያደርግም። ታዲያ ምን ሆነ?

ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ነው። መሆን ያለበትን የሚያውቅ ዓይን መሆን ያልነበረበትን ያገኛል። ፈጠራ የምንለው ነገር ትልቁ ክፍል ይኼ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ነው ጥያቄውን አትዝለሉ የምለው።

ሌሎችም አሉ። ሁሉም ሻጮች ሲጣሩ ዝም ብላ የተቀመጠች ሴት። ማገዶውን ሳያወርድ ተመልሶ የሚቀዝፍ ሰው። ሁለት ስኒ አስቀድቶ አንዱን ብቻ የሚጠጣ ሽማግሌ።

ምንም ያልገጠመ ነገር ካጣችሁ፣ የጎደለውን ፈልጉ። ቡና የምታፈላውን ሴት «ዛሬ ማን ቀረ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁልጊዜ የሚቀር ሰው አለ።

ትልቅ ነገር አትፈልጉ። ጀማሪዎች መስጠም፣ ድብድብ፣ ሬሳ ይመኛሉ። ትልቅ ነገር ሁሉም ሰው ያየዋል፣ ወሬውም እናንተ ሳትጽፉት ከተማውን ያዳርሳል። የእናንተ ፋንታ ትንሹ ነው።

ደረጃ 5፦ ደብተሩን ዝጉ፣ ተረት ስሙ

ታሪኩን በዚያው ቀን አትጻፉ። ማታ ተረት ስሙ።

ይህን ደረጃ ያስገባሁት አንድ ነገር ስለሚያሳስበኝ ነው። መጻፍ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ በታሪክ መደሰት ያቆማል። እንደ ፈታኝ ያነባል፤ እዚህ ጋ ደከመ፣ እዚህ ጋ ጎደለው ይላል። በሌላ ሰው ታሪክ የማይደሰት ሰው ሌላውን የሚያስደስት ታሪክ እንዴት ይጽፋል? የት ላይ ልብ እንደሚንጠለጠል ከየት ያውቃል?

ስለዚህ ተረት የሚያውቅ ትልቅ ሰው ፈልጉ። አያት፣ አክስት፣ የጎረቤት እናት። «ተረት ተረት» ሲሉ «የላም በረት» ብላችሁ በሙሉ ድምፅ መልሱ። ያ መልስ ፈቃድ ነው፣ አድማጭ ዝግጁ መሆኑን ይናገራል። እርሳስ አትያዙ። የምታውቁት ተረት ከሆነም «እሱን አውቀዋለሁ» አትበሉ። ተናጋሪው የት ላይ እንደሚዘገይ፣ የት ላይ ድምፁን እንደሚያወርድ፣ የጅቡን ንግግር በምን ድምፅ እንደሚያወጣ እየተደሰታችሁ ስሙ።

ከመተኛታችሁ በፊት ወይም ጠዋት ሦስት ነገር ብቻ ጻፉ። ተረቱ የት ላይ ሲደርስ ነው ስልክ እንዳላችሁ የረሳችሁት? የሚመጣውን እያወቃችሁ አሁንም መስማት የፈለጋችሁት የቱን ነበር? ተናጋሪው ሳይናገረው የገባችሁስ ምን ነበር?

ተረት ነጋሪ ካጣችሁ፣ ድሮ የወደዳችሁትን አጭር ታሪክ አውጡና እንደገና አንብቡ። መጀመሪያ ለደስታ ብቻ አንብቡ። በሁለተኛው ንባብ እርሳስ ያዙ። መጀመሪያ ንባብ ላይ በፍጹም አትተንትኑ።

ደረጃ 6፦ ሦስት ጥያቄ፣ አምስት አምስት መልስ

በማግሥቱ ያልገጠመውን ነገር ገጹ አናት ላይ ጻፉ፦ «ታንኳው 3 ሰዓት ድረስ ውሃ ውስጥ ነበር።» ከሥሩ ሦስት ጥያቄ አስቀምጡ።

1. ይህን ያደረገው ማን ነው?
2. ያን ጠዋት ምን ፈልጎ ነበር?
3. ነገሩ እንዲህ ከቀጠለ ምን ያጣል?

ለእያንዳንዱ አምስት መልስ ጻፉ። ከዚያ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰርዙ። ለሁሉም ሰው ቀድመው የሚመጡት እነሱ ናቸውና።

በታንኳው ላይ እንሞክረው። ማን ተወው? አንደኛ፣ ባለቤቱ ሰጥሟል። ሁለተኛ፣ ሰክሯል። እነዚህን ሰርዙ። ሦስተኛ፣ ስልክ ተደውሎለት ሮጠ። አራተኛ፣ ታንኳውን ማውጣት የልጁ ሥራ ነው፣ ዛሬ ልጁ አላወጣም። አምስተኛ፣ አባትየው ራሱ ሆን ብሎ ተወው፣ ልጁ ያወጣው እንደሆነ ሊያይ።

አራተኛውና አምስተኛው አብረው ይሄዳሉ። ልጁ ባጃጅ መንዳት ጀምሯል፣ ታንኳውን አይፈልገውም። አባትየው ይህን ያውቃል፣ ግን በአፉ መጠየቅ አይፈልግም። ታንኳው ጥያቄ ሆነ። ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ ፈጠራ ነው። ባለቤቱን አናውቀውም። ግን ከአንድ እርጥብ ታንኳ ነው የመጣው።

መልሶቹ ሁሉ ደረቅ ከሆኑባችሁ ጥያቄ 2 ላይ ተመለሱ። ፍላጎቱ ትልቅ ሆኖ ይሆናል። «ደስተኛ መሆን ፈለገ» አይሠራም። «እስከ 3 ሰዓት ሁለት ሰው መጫን ፈለገ» ይሠራል።

ደረጃ 7፦ በአንድ ቁጭታ ጻፉ

ሁለት ሰዓት ያህል ማንም የማይረብሻችሁ ጊዜ ምረጡ። ከጀመራችሁ እስኪያልቅ አትነሱ። እየጻፋችሁ አታርሙ።

ወሰኖቹ እነዚህ ናቸው። አንድ ጠዋት፣ አንድ ቦታ፣ ሁለት ሰው። በአየር ሁኔታ አትጀምሩ፣ በሕልም አትጨርሱ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ያልገጠመው ነገር ይሁን።

እንዲህ ሊጀምር ይችላል፦

ታንኳው እስከ ሦስት ሰዓት ውሃ ውስጥ ነበር። ሌሎቹ ዋርካው ላይ ቆመው ይንጠባጠባሉ። አባትየው መጣ፣ አየ፣ ምንም አላለም። ጫማውን አውልቆ የዛፉ ሥር ላይ አስቀመጠ። ልጁ ባጃጁ ውስጥ ቁጭ ብሎ ስልኩን ይነካካል።
«አታወጣውም?»
«ሰው ልጭን ነው አባ።»
«ከብዷል። ብቻዬን አልችለውም።»
ልጁ ሞተሩን አስነሳ። ከዚያ አጠፋው። ግን አልወረደም።

እዚህ ውስጥ ንዴት የሚል ቃል የለም፣ ሐዘን የሚልም የለም። ታንኳ መድረቅ እንዳለበት ለማያውቅ አንባቢም ማብራሪያ አልተጻፈም፤ «ሌሎቹ ዋርካው ላይ ቆመው ይንጠባጠባሉ» የሚለው ነገረው። በደረጃ 2 የሰበሰባችሁት የእጅ ሥራና ንግግር ሁሉ የሚያገለግለው እንዲህ ነው። በየገጹ ሁለት ሦስቱን ብቻ አስገቡ። ያያችሁትን ሁሉ ካስገባችሁ ታሪኩ የዕቃ ዝርዝር ይሆናል።

መሐል ላይ ከቆማችሁ ማሰብ አቁሙና ደብተሩን ግለጡ። አንድ እጅ ፈልጉ። ያንን እጅ ለአንዱ ባለታሪክ ስጡት፣ የሚሠራውን ጻፉ። አብዛኛውን ጊዜ ቀጣዩ መስመር ይከተላል።

ታሪኩ ወደ ሞት ከሄደባችሁ ሰርዙና ከአንድ ገጽ በፊት ጀምሩ። ሞት የሚመጣው መጨረሻ ሲጠፋን ነው። ባለታሪኩ አንድ ትንሽ ነገር ያድርግ ወይም ማድረግ ይተው፣ እዚያ ላይ አቁሙ።

ንግግሩ እንደ መጽሐፍ ከሆነባችሁ ግማሹን ቁረጡ። የጎጃምን አነጋገር በየቃሉ ለመጻፍ አትድከሙ። በጆሯችሁ የሰማችሁትን አንድ ሁለት ቃል አስቀሩ፣ የቀረውን አንባቢው ራሱ በድምፁ ይሞላዋል።

ደረጃ 8፦ አሳድሩት፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡት

ሦስት ቀን አትንኩት። ከዚያ ጮክ ብላችሁ ለራሳችሁ አንብቡ። ትንፋሽ ያጠራችሁ ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ፣ ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል። ምላሳችሁ የተሰናከለበት ላይም እንዲሁ።

ቀጥሎ ለሁለት ሰው አንብቡ። አንዱ ሐይቁን የሚያውቅ ይሁን፣ ሌላው የማያውቅ።

«እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሰው ይሉኝታ አለው፣ «በጣም ጥሩ ነው» ይላችኋል፣ በዚያ ምንም አታተርፉም። ይልቅ ግማሹ ላይ አቁሙና «ከዚህ በኋላ ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» በሉ። ሲያልቅ ደግሞ «የት ላይ ሰለቻችሁ?» በሉ። መልሱን ጻፉ። አትከላከሉ፣ አታብራሩ። ማብራሪያ ያስፈለገው ቦታ ገጹ ላይ ያልተጻፈ ነገር አለ ማለት ነው።

ሐይቁን የሚያውቀው ሰው «ታንኳ እንዲህ አይያዝም» ካለ፣ ከሁሉ በፊት እሱን አርሙ። የሥራ ስህተት ያለበትን ታሪክ የሥራው ሰው አያምነውም። እሱ ካላመነው ደግሞ ከማን ጋር ነው የምታወሩት?

አሁን የደረጃ 1ን ገጽ ግለጡ። ከዚያ ሾልኮ የገባ ቃል ካለ አውጡት። ከዚያ የመጀመሪያውን አንቀጽ በእጃችሁ ሸፍናችሁ ከሁለተኛው አንብቡ። ምንም ካልጎደለ የመጀመሪያውን ሰርዙ። የመጨረሻውንም እንዲሁ ሞክሩት። የመጨረሻው አንቀጽ ብዙ ጊዜ ታሪኩን መልሶ የሚያስረዳ ነው፣ ስለዚህ ይወድቃል።

ደረጃ 9፦ ሰዎቹን ጠብቁ

ታሪኩን ከማሳተማችሁ ወይም ከማሰራጨታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ስም ቀይሩ። ስም ብቻ አይበቃም፣ ባሕር ዳር ሰው በሥራውና በቤተሰቡ ይታወቃል። የልጆቹን ቁጥር፣ ዕድሜውን፣ የቆመበትን ቦታ ቀይሩ። አሁንም ሰውየው «ይኼ እኔ ነኝ» ሊል የሚችል ከሆነ ሄዳችሁ ፈቃድ ጠይቁ። እምቢ ካለ አታውጡት፣ ለመሳቢያችሁ ይሁን። ቡና ላይ በምስጢር የተነገራችሁን ደግሞ ቀይራችሁም ቢሆን አትጻፉት።

ሥራውን ላስረዷችሁ ሰዎች አንድ ቅጂ ውሰዱላቸው። ማንበብ የማይመቻቸው ከሆነ ቁጭ ብላችሁ አንብቡላቸው። ጠዋት 12፡30 ላይ ግን አትሂዱ፣ ሥራ ላይ ናቸው። መረቡ ከተሰበሰበ፣ አሳው ከተሸጠ በኋላ 4 ሰዓት ገደማ ይሻላል።